በአይጥ ነው በሰው? ቀድማችሁ ንገሩን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከእንስሳት መርዝ መድኃኒት ስለመሥራት የሚወጣ ዜና ካየሁ ሳላነብ አላልፍም። አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። "የሸረሪት መርዝ ለስትሮክ መፍትሔ ሆነ" ተብሎ በትልቁ ይጻፍና ሙከራው በአይጥ ላይ መሆኑ መጨረሻ አንቀጽ ላይ ይመጣል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይነሳም። ቤቱ በሕመም የሚሰቃይ ሰው ያለው አንባቢ ርዕሱን ይዞ ሐኪም ጋ ይሄዳል።

እውነቱ እኮ ሳይጋነንም ይደንቃል። ዚኮኖታይድ የሚባለው ማስታገሻ የተገኘው ዓሣ አድኖ ከሚበላ የባሕር ቀንድ አውጣ መርዝ ነው። ፊሊፒንስ የተወለዱት ተመራማሪ ባልዶሜሮ ኦሊቬራ ይህን መርዝ ማጥናት ሲጀምሩ ማስታገሻ እየፈለጉ አልነበረም፤ ነርቭን እንዴት እንደሚያሽመደምድ ማወቅ ነበር የፈለጉት። ንጥረ ነገሩን ለይቶ ያወጣው ማይክል ማኪንቶሽ ደግሞ ያኔ ገና ወጣት ተማሪ ነበር። መድኃኒቱ በህብለ ሰረሰር ውስጥ የሕመም መልእክት የሚያሻግሩ ነርቮች ላይ ያለውን የካልሲየም መግቢያ ይዘጋል፤ የሞርፊን መንገድ ሌላ ነው፣ ትንፋሽንም እንደ ሞርፊን አያፍንም። አሜሪካ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፣ ከተገኘ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ።

ይሄም ሆኖ ክኒን አይደለም። በፓምፕ በቀጥታ ወደ ህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ነው የሚገባው። ማዞር፣ ግራ መጋባት፣ የሌለ ነገር ማየት ሊያመጣ ስለሚችል የሚሰጠው ሌላው ሁሉ ላልሠራላቸው ጽኑ ሕመምተኞች ነው። ይህን የማይነግር ዜና ሕመምተኛውን ይጎዳዋል።

የአውስትራሊያው ፈነል ዌብ ሸረሪትም ተስፋ አለው። ስትሮክ ሲመታ ደም ያጣው የአንጎል ክፍል አሲዳማ ይሆናል፤ ያኔ የሚከፈት አንድ መተላለፊያ አለ፣ እሱ ሲከፈት የነርቭ ሴሎች ይሞታሉ። ከሸረሪቷ መርዝ የተገኘው ኤችአይዋንኤ (Hi1a) የተባለ ንጥረ ነገር ይህን ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ጥናት ስትሮኩ ከደረሰ 8 ሰዓት በኋላ ተሰጥቶ እንኳ ጉዳቱን ቀንሷል። በአይጥ ላይ! ከጥቁር ማምባ እባብ መርዝ የተገኙት ማምባልጂን የተባሉ ንጥረ ነገሮችም እ.ኤ.አ. በ2012 ሕመም ሲያስታግሱ የታዩት በአይጥ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ በማን ላይ እንደተሞከረ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ጻፉልን። በሰው ከሆነም በስንት ሰው እንደሆነ፣ በምን መንገድ እንደተሰጠና ምን ጉዳት እንደታየበት አክሉበት።

አንባቢያችሁ