ከዋክብቱን መልሼ አስገባኋቸው

ሱሉልታ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አባትህ ሲያርፉ ልቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ፤ ከዚያ አፈርኩ፣ አፍሬም ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ፤ የእርሳቸውንም ነፍስ ይማር። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ የእርሳቸው ጥያቄ ነው። በግቢያችሁ ቴሌስኮፑን በተከልንበት ሌሊት ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጥተው፣ ኦሪዮን ኔቡላን፣ ያን በከዋክብት መካከል ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና፣ ካዩ በኋላ፣ «ይህን ደመና ማን አበራው?» ብለውን ነበር። መልስ አልነበረንም።

ጥር 21 ጨረቃ አልነበረችም። እንጦጦ የከተማውን ብርሃን በከፊል ይጋርድልናል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ሌላዋ የጋዝ ደመና፣ ሮዜት ኔቡላ፣ ከአናቴ በላይ ነበረች፤ እያንዳንዳቸው 3 ደቂቃ የፈጁ 60 ፎቶዎች አነሳሁ። በኮምፒውተር ደራርቤ አንድ ሳደርጋቸው ያው የድሮ ችግራችን መጣ፤ ደብዛዛውን ጋዝ ላጎላ ብርሃኑን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር ከዋክብቱ እንደ ፈንዲሻ እየፈነዱ ጋዙን ሸፈኑት።

አሁን ግን ስታርኔት የሚባል ፕሮግራም አለ። ከዋክብቱን ለቅሞ ያወጣና የነበሩበትን ቦታ በግምት ይሞላዋል። ኮከብ አልባውን ምስል ከዋናው ስትቀንስ ደግሞ ከዋክብቱ ብቻቸውን ይቀሩልሃል። ግምት መሆኑን አትርሳ፤ ትልልቅ ከዋክብት በነበሩበት ቦታ የሚታይ ክር ሁሉ እውነተኛ ጋዝ ላይሆን ይችላል፣ ከመጀመሪያው ምስል ጋር አመሳክር።

ጋዙን ለብቻው እንደ ልቤ አጎላሁት። ኮከብ አልባዋ ሮዜት በእውነት ውብ ናት፤ በዚሁ የሚተዋት ብዙ ነው። እኔን ግን አላስቻለኝም። መሀሏ ባዶ ጉድጓድ ሆኖ ቀረ፤ ያን ጉድጓድ የቦረቦሩት እኮ ለቅሜ ያወጣኋቸው ከዋክብት ናቸው! ኤንጂሲ 2244 በተባለው የከዋክብት ክምችት ውስጥ ያሉት ወጣትና እጅግ ትኩስ ከዋክብት ከራሳቸው በሚወጣ የቅንጣቶች ነፋስ ጋዙን ወደ ውጭ ይገፉታል፤ በአልትራቫዮሌት ጨረራቸው ደግሞ ሃይድሮጂኑን ቀይ አድርገው ያበሩታል። በኦሪዮንም ያው ነው፤ አብሪዎቹ መሀሉ ላይ የተጠጋጉት ትራፔዝየም የሚባሉት ከዋክብት ናቸው። ለአባታችን ልንነግራቸው የሚገባን ይህ ነበር።

ስለዚህ መልሼ አስገባኋቸው። ሁለቱን ምስሎች በቀጥታ ከደመርካቸው ብሩህ ቦታዎች ነጭ ሆነው ይቃጠላሉ፤ የሁለቱንም ብርሃንና ጨለማ ገልብጠህ (ነጩን ጥቁር፣ ጥቁሩን ነጭ አድርገህ) እርስ በርስ አባዛቸው፣ ውጤቱን እንደገና ገልብጠው። ከዋክብቱ ትንንሽ ሆነው፣ ቀለማቸውን ይዘው ተመለሱ።

ፎቶውን አሳትሜ ለእናትህ ልወስድላቸው እፈልጋለሁ። ይሁን ካልከኝ በሚቀጥለው እሑድ እሄዳለሁ። የካቲት 21 ጨረቃ እንደገና አትኖርም፤ ከቻልክ ናልኝ፣ ኦሪዮንን አብረን እናንሳ።

ወንድምህ