ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው

ሰብልዬ፣ እንዴት ነሽልኝ?

ይቅርታውን ቶሎ ልበለውና ልገላገል። አባባ ሲያርፉ አልመጣሁም። መንገዱ ተዘግቶ ነበር፣ ዳታው ጠፍቶ ነበር፣ ልጁም አሞት ነበር። ሦስቱም እውነት ናቸው። ግን መንገዱ ሲከፈትም አልመጣሁም፣ ዳታው ሲመለስም አልጻፍኩም፣ ልጁም ከዳነ ስንት ጊዜው። አፍሬ ነው። ወር የዘገየ ሰው ደውሎ "እግዜር ያጥናሽ" ይላል፣ ስድስት ወር የዘገየው ምን ብሎ ይደውል? እንዲህ ዛሬ ነገ እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ስድብሽን በአካል ስንገናኝ እቀበላለሁ፤ አስቀምጭልኝ። አሁን ሌላ ጉድ ይዤ ነው የመጣሁት።

ሰው ልገድል ነበር።

አትደንግጪ፣ አልገደልኩም። ግን ይኸው ሦስት ሳምንቴ፣ እንጀራ ስጋግርም ቤተ ክርስቲያን ቆሜም እሱን ነው የማስበው፤ ለማን ይነገራል? ለባሌ ብነግረው መኪናውን ጥሎ ይመጣል። ለእናቴ ብነግራት ጠበል ልውሰድሽ ትላለች። ከአጎቴ ሌላ የቀረሽኝ አንቺ ነሽ።

ባለቤቴ ያው እንደምታውቂው ከወጣ አሥር ቀንም አሥራ አምስት ቀንም ይቆያል። ከእኛ ሦስተኛው ቤት ሌሊት አጥር ዘለው ገቡና ሴትዮዋን ከነልጆቿ አንድ ክፍል ቆልፈውባት፣ ቴሌቪዥኑንም ሲሊንደሩንም ጭነው ሄዱ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል የለም። ድመት ቆርቆሮ ላይ ስትረግጥ ቁጭ እላለሁ። አልጋ ስር የባሌ ክላሽ አለ፤ በስሙ ተመዝግቦ ፈቃድ የወጣለት ነው። እኔ ግን ቤት ስጠርግ በመጥረጊያ ከመግፋት በቀር ነክቼው አላውቅም።

እንግዲህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። መብራት የለም። አጥሩ ቋ... ቋ... ይላል። መጀመሪያ ጉማሬ ነው አልኩ፤ በዚህ በዓባይ መውጫ በኩል ሌሊት ሣር ሊግጡ ይወጣሉ፣ አንዳንዴ ሲያጉረመርሙ ከአልጋዬ ሆኜ እሰማለሁ። ቀጥሎ ሳል ሰማሁ። ጉማሬ አይስልም። እንዴት እንዳወጣሁት እንጃ፣ ክላሹ እጄ ላይ ነው። ባሌ ሲያደርግ ያየሁትን አስታውሼ አቀባበልኩት። ያ ድምፅ ሌሊት ሲሰማ፣ ሰብልዬ፣ እኔኑ ነው ያስደነገጠኝ። በሩን ገርበብ አደረግሁ። ጥላ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። "ማነው?" አልኩ። ዝም። ጣቴ ቃታው ላይ ነው። ደግሜ "ማነው!" ብዬ ስጮህ "ኧረ እኔ ነኝ እመቤቴ" አለኝ።

ዘበኛው! በወር 200 ብር የምንከፍለው የሰፈሩ ጠባቂ፣ ሽንቱን እየሸና! ጆሯቸው እንደሆነ ግማሹን አይሰማም፤ የመጀመሪያውን "ማነው" ከየት ይስሙት። አሁን ሳቂ። እኔም በማግሥቱ ስቄያለሁ፤ ከሳቁ በኋላ ግን አስመለሰኝ። እሳቸው እስከዛሬ አያውቁም። ጠዋት መጥተው "ሌሊት ነቅተሽ ነበር፣ ጎበዝ ነሽ" ብለው አመሰገኑኝ፤ እኔም በሻይ ዳቦ ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

ከዚህ የባሰው የታወቀኝ አጎቴ ሲመጡ ነው። ታስታውሻቸዋለሽ፣ በእህቴ ሠርግ ሻሽሽን ቀምተው የጨፈሩት። አሁን አርጅተዋል፤ የድሮ ወታደርነታቸው ግን አልለቀቃቸውም። ከአዴት ድረስ አስጠርቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አልተቆጡም። "አምጪው" አሉኝ፣ አመጣሁት። የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ "አፈሙዙ ወዴት ዞሯል?" የሚል ነው። ሳየው ወደ ጉልበታቸው ነው።

ቀጥለው በቀኝ ጎኑ ያለችውን ብረት አሳዩኝ። ላይ ስትሆን ይቆለፋል። ታች ስትወርድ አንድ አንድ ይተኩሳል። መካከል ላይ ከሆነች ቃታውን እስክትለቂ ድረስ ያዘንበዋል። ያን ሌሊት ከነካሁት ወዲህ ማንም አልነካውም ነበር። መካከል ላይ ነበረች። በዚያ ላይ እንደጎረሰ መልሼ አልጋ ስር ከትቼው፣ ልጄ አራት ቀን ከላዩ ተኝቶበታል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት አስተማሩኝ። እዚህ እንደ መኪና መንጃ ትምህርት ከፍለሽ የምትገቢበት ቦታ ከወዴት ይመጣል፣ ሳሎን ውስጥ መጋረጃ ጋርደን ነው። ጥይቶቹን ቆጥረው ኪሳቸው ከተቱ። መጀመሪያ ካርታውን፣ ጥይት መያዣውን ማለቴ ነው፣ ንቀይ፣ ከዚያ አቀባብይ፣ ከዚያ ውስጡን እይ፣ በትንሿ ጣትሽም ዳስሺ፤ መብራት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ቅደም ተከተሉን ካዛባሽ አለቀልሽ፤ ካርታው ሳይነቀል ብታቀባብይ የነበረውን አውጥተሽ ሌላ ታጎርሻለሽ፣ ከዚያ ካርታውን ነቅለሽ ባዶ ነው ትያለሽ። አጎቴ እንደሚሉት ብዙ ሰው የሞተው "ባዶ ነው" በሚባል መሣሪያ ነው። እጅ ለእጅ በተቀባበልነው ቁጥር፣ አሁን አይተሽው እንኳ ቢሆን፣ እንደገና ማየት ነው። አንድ ቀን ረስቼ ብቀበላቸው መዳፌን በጭራሮ መቱኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ እኮ!

ጣትሽ ደግሞ ልትተኩሺ ካልሆነ ቃታው አጠገብ አይደርስም፣ ጎኑ ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል። እኔ ያን ሌሊት ከበሩ ሳልደርስ ነው ጣቴን ያስገባሁት። ሰው ሲደነግጥ እጁ ይጨመደዳል፣ ጣትም አብሮ። ባረቀ የሚባለው ሁሉ ከሞላ ጎደል እንዲህ ነው ይላሉ። ለልምምዱ አፈሙዙ አካባቢ ሃያ አምስት ሳንቲም ያስቀምጡና ሳይወድቅ ቃታውን ሳቢ ይሉኛል። በቁጣ አይደለም፣ ብጉንጅ እንደሚነካ ሰው ቀስ ተብሎ። የመጀመሪያው ቀን ሳንቲሙ ሶፋ ስር ሲገባ ነው የዋለው። ክላሽ ከነባዶ ካርታው አራት ኪሎ ገደማ ነው፤ ቀላል እንዳይመስልሽ፣ ክንዴ አሁንም ያመኛል። እውነተኛ ጥይት ግን አንድም አልተኮስኩም። በዚህ ጊዜ አንድ ጥይት ብትጮህ ሰፈሩ ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ። አጎቴም "ተኩሰሽ በማታውቂው መሣሪያ ታጠቅሁ አትበይ" ብለው ቅስሜን ይሰብሩታል።

ዋርሳዬ ደግሞ መጣና ሌላ ጭቅጭቅ አመጣ። ክላሹ ለሴት ከባድ ነው፣ ወንድሜ ይሽጠውና ሽጉጥ ይግዛልሽ አለ። ማካሮቭ፣ ስምንት ጥይት፣ ትራስ ስር። ለሴት እንዲህ ነው፣ ለሴት እንዲያ ነው ሲል ቡናውን ሳላፈላ ልተወው ነበር። አጎቴ ሳቁበት። ሽጉጥ ለመያዝ ቀላል ነው፣ ለመምታት ግን ከሁሉም ይከብዳል አሉት። ትከሻ ላይ አይደገፍ፣ አፈሙዙ አጭር፣ እጅሽ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ጥይቱ ሌላ አገር ይሄዳል። ብዙ የተለማመደ ሰው ነው የሚይዘው። እና ትራስ ስር ማለት ልጁ አምስት ደቂቃ ብቻውን ከቆየ በልጁ እጅ ማለት ነው። "ታዲያ ምንሽር ይሻላል?" አለ እልህ ይዞት። እሱም አንድ በተኮስሽ ቁጥር እንደገና ማቀባበል አለው፣ ጥይቱ ደግሞ ከክላሹም ይብሳል፣ ግድግዳ ምኑም አይደለም።

ግድግዳ ሲሉ ነው እኔ የነቃሁት። የክላሽ ጥይት በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ እየሄደ ነው የሚወጣው። የእኛ ቤት ጭቃና ጭድ ነው፣ አጥሩ ቆርቆሮ ነው። ከአልጋዬ ተነሥቼ ወደ በሩ ባነጣጥር፣ ከበሩ ቀጥሎ መንገዱ፣ ከመንገዱ ማዶ ጎረቤቴ ሦስት ልጆች ይዛ የምትተኛበት ክፍል አለ። ወደ መስኮቱ ባዞር የተከራይዋ ልጅ አልጋ ከግድግዳው ወዲያ ነው፤ ስትገላበጥ እንኳ ይሰማኛል። ወደ ጓዳ የራሴ ልጆች። በጠራራ ፀሐይ ቤቱን ስዞር ዋልኩ፣ ሰው እንደ እብድ እያየኝ። አንድም ጥይት የሚያርፍበት ባዶ ቦታ የለም። ዘበኛውን ብስት ኖሮ ማንን እመታ ነበር? ይህ ጥያቄ ነው የማያስተኛኝ።

ተከራይዋ ሕግ ነው የምታጠና። እንደ ቀልድ አድርጌ "ሌባ ብመታ ምን ይሉኛል?" አልኳት። የወንጀል ሕጉን አመጣችልኝ። አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከል ይላል፤ አደጋው የደረሰ ወይ ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፣ በሌላ መንገድ ማምለጥ የማይቻል፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ። 79 ደግሞ ከዚያ ላለፈ ሰው ነው። ቴሌቪዥን ይዞ ወደ በር የሚሮጥ ሰው ጀርባ ላይ መተኮስ 78 ውስጥ አይገባም አለችኝ። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ግድግዳው ላይ ጭንቅላትሽን ደግፈሽ እኮ ነው የምታነቢልኝ እላለሁ። አልጋዋን ወደ ሌላው ጥግ እንድታዞር ነገርኳት፤ "ነፋስ ይገባል" ብዬ ዋሸሁ።

አሁን እንዲህ አድርጌያለሁ። ብየዳ ቤት ሄጄ የብረት ሣጥን አሠራሁና ወለሉ ላይ በቡሎን አሳሰርኩት። ክላሹ እዚያ ነው፣ ሳይጎርስ። ካርታው ለብቻው፣ ሌላ ቁልፍ ባለው ቁም ሣጥን። ሁለቱም ቁልፍ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነው፤ ምጣድ ላይ ስጎነበስ እየተንቋቋ ያሳብቅብኛል። በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ ተጨመረለት። ሰው ሲያልፍ የሚበራ የፀሐይ መብራት አጥሩ ላይ ሰቀልን፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል፤ ያን ሌሊት ይኸ ቢኖር ኖሮ አንድም ነገር ባልመጣ። ፊሽካ ለየቤቱ አከፋፈልን፣ አንዱ ከነፋ ሁሉም ሊወጣ። ውሻም አመጣሁ። የድሮ እጮኛሽን ስም ነው ያወጣሁለት፤ እሱም ብዙ ይጮኻል፣ ሰው ሲመጣ ግን ይሸሻል። ሰው ከገባ ዕቃውን ትቼ ልጆቹን ይዤ ጓዳ መዝጋት፣ መጮኽ፣ መደወል። ሣጥኑ ጓዳ ነው ያለው። የጓዳው በር ከተሰበረ ብቻ።

አሁን ደግሞ የምፈራውን ልንገርሽ። ትልቁ ልጄ አራተኛ ክፍል ገብቷል። ባለፈው ተኝቼ መስዬው ቁልፉን አንስቶ ሲያገላብጠው አየሁት። እኛም አራተኛ ክፍል ነበርን።

ቆርቆሮው ላይ ያለው ቀዳዳ አልተደፈነም አይደል? ክረምት ሲመጣ ድስት ትደቅኑ ነበር። እናንተ ቤት በመጣሁ ቁጥር ቀና ብዬ አየዋለሁ፣ አንቺም እንደማየው አይተሽ ዞር ትያለሽ። አባባ ምንሽሩን ከምሰሶው ያወረድሽው አንቺ፣ የተኮስሽውም አንቺ እንደሆንሽ እያሰቡ ነው የሞቱት። በቀበቶ ሲገርፉሽ እኔ ጎተራው ጥግ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል አልወጣኝም። አንቺም አልተናገርሽም፣ ከዚያ ወዲህም አንድ ቀን አላነሳሽብኝም። እኔ ነኝ ያልኩት ነገር ቢኖር ለቄሱ ብቻ ነው። እና ለለቅሶው ያልመጣሁት... መንገዱ ተዘግቶ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ሬሣቸው ፊት ቆሜ ምን ልበል? ይኸው አሁን ጻፍኩት። ለእማማ ብትነግሪያቸውም ብትተዪውም የአንቺ ነው። ብትነግሪያቸው ደስ ይለኛል መሰለኝ። አላውቅም።

ለዚህ ነው ልጁን የምፈራው። ደብቄ ብይዘው እንደኛ ይሆናል፤ ለእኛ የነገረን ሰው አልነበረም፣ "አትንኩ" ብቻ። አጎቴ ባዶውን አውጥተሽ አሳዪው፣ ክብደቱን ይየው፣ ጉጉቱ ይውጣለት፣ ስታይ እንዳትነካ፣ ትልቅ ሰው ጥራ ብለሽ አስተምሪው ይላሉ። ባሌ ደግሞ ጭራሽ እንዳያየው ይላል። አንቺ የተገረፍሽው ነሽና አንቺ ንገሪኝ፤ አባባ ያኔ አውርደው ቢያሳዩን ኖሮ እንተወው ነበር? የእውነቱን።

ሌላም ልጠይቅሽ ነበር። አንቺ ከጠበቆች ጋር ነው የምትውይ። በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ፣ 1177 የሚሉት፣ መሣሪያ ያለ ፈቃድ አይያዝም ይላል። ፈቃዱ በባሌ ስም ነው፣ እሱ ደግሞ ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ያን ሌሊት ብተኩስ ኖሮ እኔ በምን ስም ነበር የያዝኩት? ስሜን ሳትጠሪ ጠይቂልኝ። ጓደኛዬ በይ። ጓደኛሽ ከሆንኩ አሁንም።

ጥምቀት ላይ ነይ። ዓሣ እጠብስልሻለሁ፣ አዲሱን ድልድይ በእግር እናቋርጣለን፣ አጎቴም ስለ ሻሽሽ ይቅርታ ይጠይቁሻል። አውቶብሱ ካመሸብሽ ግን በእግዜር፣ አጥሩን ከመንካትሽ በፊት ደውይልኝ።

ያንችው
ቀጮ