የሚያውቁትን ፊደል ዓመቱን ሙሉ ስለሚቆጥሩ ልጆች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በድሬዳዋ ሳቢያን የምኖር የአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ አባት ነኝ። ልጄ ማንበብ የለመደችው ገና አምስት ዓመት ሳይሞላት፣ እናቷ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጣ በፓስታና በሳሙና ካርቶኖች ላይ ያለውን ጽሑፍ እየለየች ነው። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታ ከ«ሀ ሁ» ጀመረች። በኅዳር ወር አንድ ቀን ደብተሯን ስገልጥ፣ አሥር መስመር «በ» እንድትጽፍ ታዝዛ ሁለት መስመር ብቻ ጽፋ፣ በቀረው ቦታ የሦስት ደንበኞችን የዱቤ ሒሳብ ደምራበት አገኘሁ። ድምሩ ልክ ነበር፤ ከሥሩ ግን በቀይ እስክሪብቶ «የታዘዝሽውን ሥሪ» ተብሎ ተጽፎበታል። ያን ሁሉ ልጅ በአንድ ክፍል ይዛ የምትውለውን መምህርት አልወቅስም። ሆኖም ልጄ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ማለት ጀምራለች።

ተፈትና ወደ ሦስተኛ ክፍል እንድትዛወር ስጠይቅ ርዕሰ መምህሩ በአክብሮት ቢያስተናግዱኝም፣ ዕድሜዋ ገና መሆኑንና የሚሠሩበት መመሪያ በእጃቸው እንደሌለ ነገሩኝ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ግን አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማስቻልን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ አስቀምጦት ነበር። ነገሩ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በየኔታ ፊት ፊደል የለየ ልጅ ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያም ወደ ንባብና ዳዊት የሚሻገረው ዕድሜው ተቆጥሮ ሳይሆን ማወቁ ሲረጋገጥ ነው፤ በቁርአን ቤትም ልጁ በሎሁ፣ ማለትም በእንጨት ሰሌዳው፣ የተጻፈለትን በቃሉ ሲወጣ ሎሁ ታጥቦ ቀጣዩ ይጻፍለታል እንጂ ጓደኞቹ እስኪደርሱ ቁጭ አይልም። በዘመናዊው ትምህርት ቤትም በአንድ ዓመት ሁለት ክፍል አልፎ «ደብል መታ» የሚባል ተማሪ እንደነበረ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ።

ትንሽ ልጅ ከትልልቆች መሀል ገብታ ትጨነቃለች የሚለው ስጋት የእኔም ስጋት ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ዘልላ ትሂድ አልልም፤ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ብቻ ከሦስተኛ ክፍል ጋር ተቀምጣ ትሞከር፣ የሁለተኛ ክፍልን የማጠቃለያ ፈተና ትፈተን፣ ካልሆነላትም እንደ ወደቀች ሳትቆጠር ወደ እኩዮቿ ትመለስ። እያንዳንዱ ወላጅ ልጁ ልዩ ይመስለዋልና ውሳኔው በእኔ ቃል ሳይሆን በፈተናውና በመምህራን ምስክርነት ቢሆን እመርጣለሁ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቢሮ ገብቶ የሚጠይቅለት ሰው የሌለው ልጅ ነው። በገንደ ቆሬ ወይም በገጠር ቀበሌዎቻችን እንዲህ ያለ ልጅ ቢኖር ሰነፍ ወይም ረባሽ ተብሎ ከኋላ ወንበር ይቀራል። የከተማችን ትምህርት ቢሮ እንዲህ ያሉ ልጆችን መምህራን የሚለዩበትንና ወላጅ ሳይጠይቅም የሚፈተኑበትን ግልጽ መመሪያ ከመጪው የነሐሴ ምዝገባ በፊት ለየትምህርት ቤቱ እንዲያደርስ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አባት
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ