የሌሊት ወፏን ሳልልኝ

ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ዝምታዬ በዛ፣ አውቃለሁ። ይቅር በለኝ። ይሄን ያህል ጠፍቼ ለጉዳይ ብቅ ማለቴ አሳፍሮኛል፤ ግን ካንተ ሌላ ማንን እጠይቃለሁ? እትዬስ? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ሁሉንም ጻፍልኝ። እኔ ግን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ቡና ቤት ልከፍት ነው! እዚሁ ስፔን፣ ቫለንሲያ ከተማ፣ ሩሳፋ የሚባል ሰፈር። ጠባብ ናት፣ ግን ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ ዱካው ሁሉ ተሟልቷል። የቀረው ታፔላው ነው። እሱ ላይ የሌሊት ወፍ እንድትስልልኝ እፈልጋለሁ።

አዎ፣ የሌሊት ወፍ። ቆይ፣ ላስረዳህ።

የከተማዋ አርማ ላይ ያለችው እሷ ናት። አርማው በአንድ ጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን ጋሻ ነው፤ ወርቃማ መደብ ላይ አራት ቀይ ሰንበር አለው። ከጋሻው በላይ ዘውድ፣ ከዘውዱ በላይ ደግሞ ክንፏን የዘረጋች የሌሊት ወፍ። በግራና በቀኝ ሁለት የ«ኤል» ፊደሎች ቆመዋል። ሁለቴ ታማኝ ማለት ናቸው።

ታሪኩ ደስ ይላል። የዛሬዋ ስፔን ውስጥ የነበሩት የአራጎኑና የካስቲሉ ነገሥታት ሲዋጉ (ሁለቱም ፔድሮ ነበሩ) የካስቲሉ ቫለንሲያን በፈረንጆች በ1363 ከበባት፤ በ1364 ተመልሶ መጣ። ሁለቴም በሯን አልከፈተችለትም። ለዚህ ነው የራሷ ንጉሥ፣ የአራጎኑ ፔድሮ፣ ዘውዱንና ሁለቱን ፊደሎች ሰጣት የሚባለው። በ1377 የከተማው ምክር ቤት ማኅተሙን ቀይሮ የንጉሡን ሰንበሮች ከነዘውዱ አደረገበት።

የወፏ ነገር ግን ያከራክራል። ሕዝቡ የሚያወራው ወደ 1238 ይሄዳል። የአራጎኑ ንጉሥ ሃይሜ ከተማዋን ከሙስሊም ገዥዋ ሊወስድ ከቦ ሳለ፣ የሌሊት ወፍ ድንኳኑ ላይ ሰፈረች፤ ማንም እንዳይነካት አዘዘ። አንድ ሌሊት ጠላት ሲመጣ ከበሮውን እየመታች ሠራዊቱን ቀሰቀሰች ይላሉ። ንጉሡ የሰፈረው የት መሰለህ? ሩሳፋ! የኔው ሰፈር!

የታሪክ ሰዎች ሌላ ይላሉ። ቅድም ያልኩህ የአራጎኑ ንጉሥ ፔድሮ የራስ ቁር ላይ ክንፍ ያለው ዘንዶ ነበር፤ ዘመን ሲገፋ ሰዓሊው ሁሉ እያሳነሰው የሌሊት ወፍ ሆነ። እኔም እነሱን አምናለሁ። ልቤን የነካው ግን ሃይሜ ራሱ ያስጻፈው ዜና መዋዕል ውስጥ ያለው ነው፦ አንዲት ትንሽ ወፍ ድንኳኑ ላይ ጎጆ ሠርታ ኖሮ፣ ጫጩቶቿን ይዛ እስክትሄድ ድንኳኑ እንዳይነቀል አዘዘ። ጦር ሜዳ ላይ ያለ ንጉሥ! ይሄን ባነበብኩ ጊዜ አንተን አስታወስኩ፤ ለድመት ብለህ አልጋህን የለቀቅህበትን ማታ።

አሁን ጭንቀቴን ስማ። ሸሪኬ እምቢ አለች። «ሐበሻ የሌሊት ወፍ ያለበት ቤት አይገባም» ትላለች። ተረቱን አመጣችብኝ፦ ወፎቹ ግብር ሲጠይቋት ጥርስ አለኝ፣ አራዊቱ ሲጠይቋት ክንፍ አለኝ ያለችውን። እውነቷን ነው፣ እኛ ዘንድ የወላዋይ ምሳሌ ናት። እኔ ደግሞ የምወደው ይሄንኑ ነው። እኛ ከሃዲ ያልናት እዚህ ከሁለት የታማኝነት ፊደሎች በላይ ተቀምጣለች። ለሚገባው ሐበሻ ሁሉ ቡናው እስኪፈላ ይሄን ባወራለትስ? በፈረንጆች ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ለቫለንሲያ ማራቶን የሚመጣው ብዙ ነው። ሲሳይ ለማ በፈረንጆች 2023 በ2:01:48 ያሸነፈው እኮ እዚሁ ነው።

እንቅልፍ አጥቻለሁ ወንድሜ። ያለኝን ሁሉ እዚህ ቤት ላይ ነው ያፈሰስኩት፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ስለዚህ እንዲህ አድርግልኝ። ዘውዱንና ሰንበሩን ተወው፣ የከተማዋ ነው። ወፏን ብቻ፣ በጥቁር። ክንፏ ሰፋ፣ ጆሮዋ ቀና ይበል፤ ጥርሷ ግን አይታይ። ዓይኗን እንደ ድሮው ስዕሎችህ ሕያው አድርገው። ሸሪኬ እሱን ካየች ትረታለች። ዋጋውን እልካለሁ፤ እምቢ እንዳትለኝ፣ ጠባይህን አውቀዋለሁ። ደግሞ አንተም እንደሷ ወፏን ካልወደድካት አትጻፍልኝ፤ ደውልልኝና እንከራከር።

ያንተው