ሐዲስ ማጣራትን ቶሎ እናስተምራቸው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

እስላማዊ ትምህርትን ለአዲሱ ትውልድ ስለማስማማት ሲወራ ነገሩ ሁሉ አፕሊኬሽን ላይ ያልቃል። አፕ መጥፎ ነው አላልኩም። አንድን አንቀጽ 20 ጊዜ ቢደጋግም የማይሰለች ረዳት ለሂፍዝ (ቁርኣንን በቃል መያዝ) ተማሪ ትልቅ ነገር ነው። ተጅዊድ (የቁርኣን አነባበብ ሥርዓት) ግን ከአፍ ወደ ጆሮ የሚተላለፍ ትምህርት ነው። ሷድ የሚባለው የዐረብኛ ፊደል ሲን ሆኖ ሲወጣ የሚያርም ኡስታዝ (መምህር) ያስፈልጋል። በቪዲዮ ቢሆንም ችግር የለውም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በቴሌግራምና በቲክቶክ "ሐዲስ (የነቢዩ ሙሐመድ ንግግርና ተግባር ዘገባ) ነው" ተብሎ የሚዞረው ጽሑፍ ብዛቱ! ልጆቹ ያነቡታል፣ ሼር ያደርጉታል። ማን እንደዘገበው አይጠይቁም። (እኛ ትልልቆቹም ያው ነን።) የሚገርመው፣ መድኃኒቱ ከጥንትም እጃችን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ870 ያረፉት የሐዲስ ሊቅ ኢማም አል-ቡኻሪና መሰሎቻቸው እያንዳንዱን ዘገባ በዘጋቢዎቹ ሰንሰለት ይመረምሩ ነበር። ዘጋቢው ከማን ሰማ? በአካል ተገናኝተዋል? ትውስታውስ ይታመናል? ይህ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ተማሪው ብዙ ኪታብ (የሃይማኖት መጽሐፍ) ከቀራ (ከተማረ) በኋላ ነው። ለምን? የ13 ዓመት ልጅ ስልኩ ላይ የደረሰውን "ሐዲስ" ይዞ መጥቶ ምንጩን ከኡስታዙ ጋር ቢፈልግ፣ ሰሒሕ (ትክክለኛ)፣ ደዒፍ (ደካማ)፣ መውዱዕ (የተፈበረከ) የሚባሉት ደረጃዎች ወዲያው ይገቡታል።

ለዚህ ታብሌት መግዛት አያስፈልግም። ስልክ በር ላይ የሚያስቀምጡ መድረሳዎች (የእስልምና ትምህርት ቤቶች) በሳምንት ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ቢያስገቡት ይበቃል።

አንባቢያችሁ