ስለ ነጩ ልብስና ስለ ገንዘቡ

አባባ፣ እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሜሪላንድ ላይ ብርዱ ለቀቅ አድርጎናል።

የላኩልኝ የድምፅ መልእክት ደርሶኛል። ስሰማው ሳቄ መጣ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ተናድጄም ነበር። የአጎቴ ልጅ ያንን ፎቶ ያለ አንዳች ማብራሪያ መላኩ ደግ አልሠራም። ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ነጭ ፕላስቲክ ለብሼ፣ ፊቴ በራስ ቁር ተሸፍኖ፣ እኔን ከሚመስሉ ሰዎች ጋር ተሰልፌ ሲያዩ ምን ሊሉ ኖሯል? «ይቺ ልጅ የማን ወታደር ሆነች? ገንዘቡንስ ማን ነው የሚይዘው?» አሉ። የመጀመሪያውን ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል። ሁለተኛውን የጠየቁኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። በስልክ ከምጮህብዎ ብዬ መጻፍ መረጥኩ። ታናሼ በትልልቅ ፊደል አትማ ትሰጥዎታለች።

የማንም ወታደር አይደለሁም። «ስታር ዋርስ» የሚባል ፊልም አለ፤ በፈረንጆች 1977 ነው የወጣው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ)። በሕዋ ላይ ስለሚደረግ ጦርነት የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። ነጭ ለባሾቹ የክፉው ንጉሠ ነገሥት ወታደሮች ናቸው። እኛም የፊልሙ አፍቃሪዎች ነን፤ ያንን ልብስ እየሠራን እንለብሳለን።

ያ ዓመት ለእርስዎ ምን ዓመት እንደነበር አውቃለሁ። ማታ በር ሲንኳኳ ቤቱ ውስጥ ምን ይሆን እንደነበር እማማ ነግራናለች። ወታደር ሲያዩ ፊትዎ የሚለዋወጠው ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ስለዚህ ልብሱን ይውደዱልኝ አልልም። ማኅበሩ ምን እንደሚሠራ ብቻ ይስሙኝ።

ማኅበሩ 501ኛው ሌጅዮን ይባላል። በ1997 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ አልቢን ጆንሰን የሚባል ሰው ከጓደኛው ጋር የጀመረው ነው። አልቢን በመኪና አደጋ አንድ እግሩን ያጣ ሰው ነው። ልብሱን ለብሶ ብቻውን ሲኒማ ቤት ሲሄድ ሰው ሳቀበት። ከጓደኛው ጋር ሁለት ሆነው ሲሄዱ ግን ሳቁ ቀረና ሰው ቆሞ ያያቸው ጀመር። ፎቷቸውን ኢንተርኔት ላይ ሲያወጡት «እኔም አለኝ» የሚል ከየአገሩ መጣ። ዛሬ ማኅበሩ በመላው ዓለም ከ10,000 በላይ አባላት አሉት። ለመግባት 18 ዓመት መሙላት አለብዎት፤ ልብስዎም ከፊልሙ ጋር መመሳሰሉ በፎቶ ይመረመራል። በዚህ ቀልድ የለም። የቀበቶዬ ክፍተት ትክክል አይደለም ተብዬ ተመልሻለሁ። እርስዎ ቢሆኑ ደስ ይልዎት ነበር፤ ሰነድ ጎደለ ብሎ እንደ መመለስ ነው።

መፈክራቸው «ክፉዎች ደግ ሲሠሩ» የሚል ዓይነት ነው። የክፉውን ልብስ ለብሶ ሆስፒታል መሄድ፣ ለሕሙማን ልጆች በሚደረግ የእግር ጉዞ ላይ መሰለፍ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለልጆች መጽሐፍ ማንበብ ነው ሥራው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የአባልነት መዋጮ የለም። ልብሱን እያንዳንዱ በራሱ ኪስ ይሠራል። የፊልሙ ባለቤት ሉካስፊልም የሚባለው ኩባንያ ነው፤ የገጸ ባሕርያቱም ባለቤት እሱ ነው። እንድንለብሳቸው የሚፈቅድልን ማንም አንዲት ሳንቲም እንዳያተርፍባቸው ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ስንጠራ ዋጋ አንጠይቅም። ጠሪው «የግድ ልክፈል» ካለ፣ ለአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት እንዲሰጥ እንነግረዋለን። የሚሰጠውም ራሱ ነው፤ በቀጥታ።

እርስዎ በእድሩ ሳጥኑን በሦስት ቁልፍ ይዘጉ ነበር፤ አንዱ ከዳኛው፣ አንዱ ከጸሐፊው፣ አንዱ ከእርስዎ ዘንድ። እኛ ሳጥን የለንም። ሌባ የሚያስፈራው ገንዘብ ሲኖር ነው።

(አንድ የሚያስቅዎት ነገር፦ በአሜሪካ የግብር ሕግ በጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚመዘገቡበት አንቀጽም 501 ነው። ከማኅበሩ ስም ጋር የተገናኘው በአጋጣሚ ነው። እኔ ግን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት እርስዎን ነው።)

ገንዘቡ በምን ይሰበሰባል ካሉ፣ ልጆች በጣም የሚወዱትን ልንገርዎ። ባዛር ላይ ጥግ ይዘን እንቆማለን። ልጁ ትንሽ ገንዘብ ይሰጥና የስፖንጅ ጥይት የሚተኩስ መጫወቻ ጠመንጃ ይቀበላል። ከዚያ እኛ ላይ ይተኩሳል። እኛ ደግሞ በፊልሙ ውስጥ ዒላማ በመሳት የታወቅን ስለሆንን አንመልስም፤ ስንመታ እየተንገዳገድን እንወድቃለን። ወድቆ መነሳቱ ነው ችግሩ። ጀርባዬ ላይ ስወድቅ ሁለት ሰው ካልሳበኝ አልነሳም። ልጆቹ ለዚያ ሲሉ ይመለሳሉ። አባቶችም እንዲሁ፤ ልጁ ደክሞት ሲሄድ አባትየው «አንዴ ልሞክር» ብሎ አምስት ዶላር ያወጣል። ሳጥኑ ጋ የሚቆመው የድርጅቱ ሰው ነው። እኔ በተገኘሁባቸው ቦታዎች ማታ ሁለት ሰዎች ቆጥረው ይፈርማሉ፤ ከእኛ ማንም አይቆጥርም። ጓንት እንዳደረግን ሳንቲም መቁጠርም አንችል።

ቀጥሎ የሚጠይቁኝን አውቀዋለሁ። «ልብሱ ስንት ፈጀ?» ከ1,000 ዶላር በላይ ፈጅቷል። «ታዲያ እሱን ገንዘብ ለምን በቀጥታ አልሰጠሽም?»

ይህ ጥያቄ ከባድ ነው፤ በቀላሉ የሚታለፍ መልስ የለኝም። ልብሱን ለዓመታት እለብሰዋለሁ፤ አንዴ የተበላ ገንዘብ አይደለም። ሰውም ዝም ብዬ ሳጥን ይዤ ብቆም የማይሰጠኝን፣ እንደዚያ ስወድቅ ይሰጣል። ግን ይህን ሁሉ ሰበብ ብዬ ልደርድርልዎ አልፈልግም። ልብሱን የሠራሁት ስለምወደው ነው። ማታ ማታ ጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል ፕላስቲኩን እየቆረጥኩ፣ በማስቲሽ እያጣበቅኩ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈግኩ ሳመሽ ከሥራ የመጣሁበት ድካም ይጠፋል። ጨዋታ ነው አባባ። ሌላ ስም ብሰጠው ውሸት ይሆናል። ከጨዋታው የሚተርፈው ለታመመ ልጅ መሄዱ ነው ደስ የሚለኝ።

አልቢን ሴት ልጅ ነበረችው፤ ኬቲ። የጭንቅላት ካንሰር ያዛት። በፊልሙ ውስጥ አንዲት ሴት ተኝታ ሳለች የሚጠብቃት ትንሽ ሮቦት አለ። ኬቲም አጠገቧ ሆኖ የሚጠብቃት እንዲህ ዓይነት ሮቦት እፈልጋለሁ አለች። ቀለሙም ሮዝ ይሁንልኝ አለች። ሮቦቶቹን የሚሠሩ ሌላ የፊልሙ አፍቃሪዎች ማኅበር አለ፤ አልቢን ለእነሱ ነገራቸው። ሮቦት መሥራት ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ ልጅቷ ያንን ያህል ጊዜ አልነበራትም። ስለዚህ አስቀድሞ የተሠራ አንድ ሮቦት ሮዝ ቀብተው አመጡላት። አየችው። በዚያው ዓመት፣ በ2005፣ በ7 ዓመቷ አረፈች።

ከዚያ በኋላ የእሷ የሆነው ሮቦት ተሠርቶ አለቀ። አር2-ኬቲ ብለው ሰየሙት። ዛሬም በየሆስፒታሉና በየገንዘብ ማሰባሰቢያው ይዞራል። በ2015 በወጣው የስታር ዋርስ ፊልም ውስጥም ለአፍታ ይታያል። አልቢን ልጁን ከቀበረ በኋላ ልብሱን አውልቆ ቢጥለው ማን ይፈርድበት ነበር? እሱ ግን ቀጠለ። አባት ሆነው ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሰማዎት ስለማውቅ ነው በስልክ ያልነገርኩዎት።

እኔ ራሴ ሆስፒታል ስሄድ ምን እንደምናደርግም ልንገርዎ። መጀመሪያ ልብሱ በመድኃኒት ይወለወላል። ነርሷ ያላለችው ክፍል አይገባም። ወላጅ ካልፈቀደ ፎቶ አይነሳም። ልጁ ከፈራ ወዲያው እንወጣለን። በራስ ቁሩ ውስጥ እግሬ ሥር ያለውን አላይም፤ ስለዚህ ልብስ ያልለበሰ አንድ ሰው ክንዴን ይዞ ይመራኛል። ውስጡ ይሞቃል። ጆሮዬ ሥር ትንሽ ማራገቢያ አለች፤ እሷ ስትጮህ ሰው የሚለውን በግማሽ ነው የምሰማው። አገጬ ሥር ደግሞ ድምፄን እንደ ሬዲዮ የሚያንሿሿ ማጉያ አለ።

አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ አንዲት እናት በስልክ ስታወራ ሰማሁ። በአማርኛ። «ኧረ እዚህ ደግሞ ነጭ የለበሱ ምናምንቴዎች መጥተዋል፤ ልጁ ግን ሳቀ፤ ከመጣን ጀምሮ ዛሬ ሳቀ» ትላለች። ልጁ የግሉኮስ መስቀያውን እንደ ጦር ይዞ አልጋው ላይ ተቀምጧል። እኔን እየጠቆመ «አለቃሽ ይቆጣሻል?» ይለኛል በእንግሊዝኛ። ሁልጊዜ፣ አልኩት። ስወጣ እናቱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። በዚያ በሚያንሿሿው ድምፅ «እግዜር ይማርልሽ እናቴ» አልኳት።

ዞር ብላ ከኋላዋ አየች። ማን እንደተናገረ አልገባትም። እንደገና አልኳት። ያን ጊዜ አፏን በነጠላዋ ያዘችና «በስመ አብ! አንቺ የኛ ልጅ ነሽ?» ብላ ደረቴን በጡጫ መታችኝ፤ ፕላስቲኩ እንደ በርሜል ጮኸ። ልጁ ይህን ሲያይ በሳቅ ሞተ፤ እናቱ ወታደር መታች! ልብሱን ልጆች ፊት ማውለቅ ክልክል ስለሆነ ፊቴን አላሳየኋትም። እጇን ያዝኩ፣ እንደዚያው ቆምን። ስለ እነሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ የሰው ቤት ጉዳይ ነው።

ሁሉም ነገር ማር ነው ብዬ ደግሞ አልሸነግልዎትም። የትከሻ ፕላስቲክ ስፋት ላይ ሲከራከር የሚያመሽ ሰው አለ፤ ሆስፒታል ስንሄድ ግን አይታይም። ባለሱቆችም አሉ፦ «ለልጆች ነው» ብለው ጠርተውን፣ ስንደርስ በር ላይ አቁመው ሱቃቸውን ያስተዋውቁብናል። እንዲህ ያለ ግብዣ አሁን አሁን ከሩቁ ይሸተኛል። ጥሪ ሲመጣ ገንዘቡ ለማን እንደሚሄድ በጽሑፍ ካልነገሩን አልሄድም። ይህን ከማን እንደተማርኩ ያውቃሉ።

ለአክስቴም ይንገሩልኝ፤ ጸበል የሚያስፈልገው ነገር የለም። ዓርብና ረቡዕ እጾማለሁ፤ እሑድም ቤተ ክርስቲያን ነኝ። ልብሱ የሚቀመጠው ምድር ቤት፣ ሳጥን ውስጥ ነው።

የእድሩን ድንኳን ለማደስ የጠየቁኝን መዋጮ በታናሼ በኩል ልኬያለሁ። መዝገቡ ላይ በእማማ ስም ይግባልኝ። ለዓይንዎ ሞራ ማክሰኞ ቀጠሮ እንዳለዎት ነግራኛለች። ብቻዎን በታክሲ እንዳይሄዱ፤ እሷ ከሥራ አስፈቅዳ ትወስድዎታለች። የደም ግፊቱን መድኃኒት ጠዋት ይውሰዱ ወይስ አይውሰዱ፣ አስቀድመው ሐኪሙን ይጠይቁት። ዓይንዎ ላይ የሚጨመረውን ጠብታ ደግሞ ሲያቆሙ እንዳይደብቁኝ፤ ባለፈው አውቄያለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ።

ልጅዎ