ዝናብ የሚለኩልንን እናመስግን

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ይህን የምጽፈው ስለ አየር ጠባይ ትንበያ ባለሙያዎችና በየጣቢያው ስላሉ ታዛቢዎች ነው። ትንበያ ሲስት ሁላችንም እናማርራለን፤ ሲሰምር ግን ማንም አያነሳቸውም።

በአገራችን የዕለት ዝናብ የሚለካው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ታዛቢው በዓል ሆነ አልሆነ፣ መለኪያው ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ በሚሊ ሜትር አንብቦ ይመዘግባል። ጠብታ ከሌለም ዜሮ ይጽፋል። ይህ ዜሮ ቀላል ነገር አይደለም። ቦታው ባዶ ከቀረ ዝናብ ጠፍቶ ይሁን መዝጋቢ ጠፍቶ አይታወቅም። የሳተላይት ግምት እንኳ የሚታረመው መሬት ላይ በተለካው ነው።

መጋቢት 14 የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ቀን ነው። የየወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በዕለቱ ታዛቢዎቹን በስም ጠርቶ ያመስግን፤ ጋዜጣችሁም በየዓመቱ አንዱን ጣቢያ ያስተዋውቀን።

አንድ አንባቢ